ለጀማሪ ወይስ ለጅማሬ?

ዕድሜ ጠገብ አናጢ ስትጨብጡ መዳፋችሁ ውስጥ የገባውን ጣት ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? አንዳንዴ አምስት አይሞላም። አንዱ ከጥፍሩ በላይ የለም፣ ሌላው አለ ግን አይታጠፍም። «ምን ሆኖ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ውስጥ ከሐዘኑ ኩራቱ ይበልጣል። «ሙያ ነዋ! ደም ያልነካው ሙያ የት አለ?» ይሏችኋል። እኔ ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ወታደር ቁስሉን ቢያሳይ ፊት ለፊቱ ጠላት ነበረ። የአናጢው ጠላት ማን ነው? ዋንዛው?

የዛሬው ጨዋታዬ ስለ አንዲት ትንሽ ብረት ነው። ርዝመቷ ከትንሿ ጣት አይበልጥም። ዋጋዋም ከአንድ ማኪያቶ በታች ነው። ነገር ግን በእሷ ሰበብ የተነሳ ክርክር ከብረትነት አልፎ፣ ሰው ለሰው ምን ዕዳ አለበት እስከሚለው ጥያቄ ድረስ ወስዶኛልና እስቲ አብረን እንየው።

መጀመሪያ መሣሪያውን እንተዋወቅ። «ራውተር» ሲባል ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ሣጥን ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ፤ የአናጢው ራውተር ሌላ ነው። ሞተር ነው፤ ጫፉ ላይ ስለት ይታሰርበታል፤ ስለቱ በደቂቃ 20 ሺህ ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። የምግብ ጠረጴዛችሁ ጠርዝ እጃችሁን ሳይቧጭር ለስልሶ የዞረው፣ የቁም ሣጥናችሁ በር ዙሪያውን ያ ሁሉ ጌጥ የወጣለት በእሱ ነው። በእጅ ተይዞ እንጨቱ ላይ ሊነዳ ይችላል። ሥራ ሲበዛ ግን ይገለበጣል። ሞተሩ ከጠረጴዛ ሥር ይሰቀላል፣ ስለቱ በመሐል ቀዳዳ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ቆሞ እንጨቱ ነው የሚሄደው። እንዲህ ዓይነቱ ጠረጴዛ በፋብሪካ ተሠርቶ ይሸጣል። ገንዘብ የሚያጥራቸው ትንንሽ የእንጨት ሥራ ቤቶች ግን ራሳቸው ይሠሩታል። ወፍራም ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔርሳቶ፣ መሐሉ ላይ የአሉሚኒየም ሳህን፣ አራት እግር፣ አለቀ።

እንጨቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ያለ መምሪያ ይታሰርና እሱን ታክኮ ያልፋል። ጣጣው የሚመጣው እንጨቱ የተጠማዘዘ ሲሆን ነው። የወንበር መደገፊያ፣ የመስተዋት ፍሬም፣ የአልጋ ራስጌ። ጠማማ ነገር በቀጥታ መምሪያ አይሄድም። ስለዚህ መምሪያው ይነሳና ጫፉ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ ያለው ስለት ይገባል። እንጨቱ፣ ወይም ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀው ፎርማ፣ ኩሽኔታውን ታክኮ ይዞራል፤ ስለቱ ከልኩ በላይ እንዳይበላ ኩሽኔታው ይገታዋል። ብልህ ነገር ነው። አንድ ክፍተት ብቻ አለው። እንጨቱ ኩሽኔታው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ስለቱን ይነካል።

ነገሩ ሁሉ ያቺ ቅጽበት ናት። እንጨቱ በሁለት እጅ ከመያዙ በቀር ምንም አልተደገፈም። ስለቱ ልክ ያጣ ጉርሻ ይጎርሳል፣ እንጨቱን ይነጥቃል፣ ያሽቀነጥረዋል። እጅስ? ተጭኖት የነበረው እንጨት በድንገት ከሥሩ ሲሸሽ እጅ ወደ ስለቱ ይሄዳል። ሁለት ጥርስ ያለው ስለት በዚያ ፍጥነት በሰከንድ ከ660 ጊዜ በላይ ይቆርጣል። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ቢፈጅበት እንኳ ከ130 በላይ ቁርጥ አልፏል። «እኔ ፈጣን ነኝ» የሚል ሰው ካለ ይህን ሒሳብ ይሥራው።

ብረቷ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። እንጨቱ በሚገባበት በኩል፣ ከስለቱ ጥቂት ሳንቲሜትር ራቅ ብላ፣ ከጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አናጢው እንጨቱን መጀመሪያ እሷ ላይ ያስደግፈዋል፤ ስለቱን ገና አልነካም። ከዚያ እሷን እንደ ማጠፊያ ተጠቅሞ እንጨቱን ቀስ አድርጎ ወደ ስለቱ ያዞረዋል። ስለቱ ለመንጠቅ ሲሞክር እንጨቱ ብረቷን ተመርኩዟልና በቀላሉ አይሄድለትም። ኩሽኔታው ከተነካ በኋላ የእሷ ሥራ አለቀ፤ እንጨቱ ትቷት ይሄዳል። ሁሉ ነገር ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። በፈረንጅ አፍ «ስታርተር ፒን» ትባላለች፤ እኛ መነሻ ፒን እንበላት።

እኛ ሰፈር ያለ አንድ ወጣት አናጢ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፒኗን ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ወንበር ነው የሚሠራው፤ ጠረጴዛውንም የገጣጠመው ራሱ ነው። (እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ ነው፤ ሞርሳውን ከማጥበቅ በቀር ያገዝኩት ነገር የለም።) ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ወሰደ። መርጦ ረጅሙን ነው የወሰደው፤ ምክንያቱም ረጅም ብሎን ሁለመናው ጥርስ አይደለም፣ ከራሱ ቀጥሎ ልሙጥ ገላ አለው። የሚፈለገው ያ ልሙጡ ነው። ጥርስ ላይ የተደገፈ እንጨት ይቦጫጨራል። የብሎኑን ራስ በብረት መጋዝ ቆርጦ ጣለው። የተቆረጠውን ጫፍ በሞረድ አዞረው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። የሳህኑን ቀዳዳ በ8 ሚሊ ሜትር ተኩል ሰርስሮ ውስጡን በጥርስ ማውጫ ጥርስ አወጣለት። ብሎኑ ከጥርሱ በኩል ገብቶ ልሙጡ ሲደርስ ይቆማል፣ ከሥር በዳዶ ይጠብቃል። ቀጥ ያለ እንጨት የሚሠራ ቀን ፈትቶ ያነሳታል።

ቀዳዳው የት ይሁን የሚለው ላይ ግን ብዙ ቆየ። ከስለቱ በጣም ከቀረበ ወፍራም ስለት ሲታሰር ይጋጫል፤ በጣም ከራቀ ደግሞ አጠር ያለ እንጨት ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይደርስባቸውም። ካርቶን በወንበር መደገፊያ ቅርፅ ቆርጦ፣ ሳህኑ ላይ እያዟዟረ ከለካ በኋላ ሁለት ቦታ ምልክት አደረገ። አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ለሩቅ።

ታዲያ በዚህ መሐል አንድ አንጋፋ አናጢ ገቡ። ወጣቱን ሙያ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ፒኗን በሁለት ጣታቸው አነሷት።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

አስረዳቸው። ሳቁ።

«አይ ልጄ! ይሄ ለጀማሪ ነው። አንተ እዚህ ሙያ ላይ ስምንት ዓመትህ ነው እኮ። ሰው ቢያይህ ምን ይላል?»

«ጋሼ፣ ስለቱ ስንት ዓመቴ እንደሆነ የት ያውቃል?» አላቸው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሞረዱን ሳያቆም።

እሳቸውም ዝም አላሉም። የተናገሩት ደግሞ እንዲሁ የሚጣል አልነበረም። «ጣትን የሚጠብቀው ፍርሃት ነው። ፍርሃትን የሚያስረሳህ ነገር ሁሉ ጠላትህ ነው። ደግሞስ እጅህ ይህን ከለመደ ያለ እሱ አይሠራም። ነገ ሌላ ቤት ሄደህ ይቺ የሌለችበት ጠረጴዛ ቢሰጡህስ?»

እቤቴ ስገባ ይህ ክርክር ከእኔ ጋር ገባ። ሽማግሌው «ለጀማሪ» ያሉት ቃል ነው ያስቸገረኝ። ፒኗ ለጀማሪ ናት ወይስ ለጅማሬ? ፊደሉ ያው ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ሐሳቡ ግን ሰማይና ምድር ነው። ጀማሪነት ከሰውየው ጋር የሚኖር፣ በዓመታት የሚያልቅ ነገር ነው። ጅማሬ ግን የሥራው ነው። ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ዛሬ ጠዋት ያነሳውን እንጨት ገና ሊጀምረው ነው። ከሰዓት የሚያነሳውንም እንዲሁ። ስለቱ ፊት የሚቀርበው ሰው ሁልጊዜ ጀማሪ ባይሆንም፣ የሚቀርበው እንጨት ግን ሁልጊዜ ጅማሬ ላይ ነው።

የአውሮፕላኑን ነገር የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1935 ኦሃዮ ውስጥ፣ ራይት ፊልድ በሚባለው የአሜሪካ ጦር የአየር ሜዳ፣ ቦይንግ የሠራው አዲስ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ለሙከራ ተነሳ። መሪውን የያዘው ሻለቃ ፕሎየር ሂል የታወቀ የሙከራ አብራሪ ነበር። አውሮፕላኑ ተነስቶ ሽቅብ ጎነ፣ ፍጥነቱን አጣ፣ ወደቀ፣ ተቃጠለ። ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ አንዱ ሂል ነው። ሲመረመር ሞተሩም ክንፉም ደኅና ነው። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ የጅራት መሪውን ነፋስ እንዳያንገላታው የሚያስረው ቁልፍ ሳይፈታ ነው የተነሱት። እንግዲህ ይህን ቁልፍ መፍታት አዲስ ምልምል እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። ከዚያ በኋላ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ተጨማሪ ሥልጠና አልነበረም። አንድ ወረቀት ነው። ከመነሳትህ በፊት ይህን አየህ? ያንን ፈታህ? ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት የበረረ ካፒቴን ከረዳቱ ጋር ዝርዝሩን እያነበበ ነው የሚነሳው። «ይሄ ለጀማሪ ነው» ብሎ የሚስቅበት ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። ካለም እኔ በዚያ አውሮፕላን አልሳፈርም።

ሽማግሌው ስለ ፍርሃት ያሉትንም አሰብኩበት። እውነት ነው፣ ፍርሃት ጣት ይጠብቃል። ግን ፍርሃት የሚያልቀው ማን ላይ ነው? ጀማሪው ላይማ ሞልቶ ተርፏል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ስለቱን እንደ እባብ ነው የሚያየው። ፍርሃቱ የተሟጠጠበት የስምንት ዓመቱና የሠላሳ ዓመቱ ነው። እጁ ሲሠራ ልቡ የቤት ኪራይ ያሰላል። በራሳቸው ክርክር እንኳ ብንሄድ ፒኗ ይበልጥ የምታስፈልገው ለእሳቸው ነው!

«እጅ ይለምዳል» የሚለው ግን ቁም ነገር አለበት። ድጋፍ ያሰነፈው ሰው አናውቅም ልንል አንችልም፤ በየቤታችን አለ። ነገር ግን ድጋፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህቺን ፒን ሙጥኝ ልበል ብትሉ ራሷ አትፈቅድላችሁም። ሞገድ ባለው ጠርዝ ላይ ፒኗን አልለቅ ካላችሁ እንጨቱን ከኩሽኔታው ታርቀዋለች፣ ሥራው ይበላሻል። እንድትለቋት ሆና ነው የተሠራችው። ሕፃን ሊቆም ሲውተረተር እናት ጣቷን ትሰጠዋለች፤ ሲጨብጣት፣ ሲቆም፣ ቤቱ ሁሉ «ወፌ ቆመች!» ይላል። ከዚያ ጣቷን ቀስ አድርጋ ትወስዳለች። ያንን ጣት ከልክላ «ይውደቅና ይማር» የምትል እናት አላየሁም። ትልቅ ሰው ላይ ሲደርስ ነው ፍልስፍናችን የሚለወጠው። አዲስ ተቀጣሪ ቢሮ ሲገባ የት ምን እንዳለ የሚነግረው የለም፤ «ራሱ ይድረስበት» ነው። «ለማጅ» የሚል የለጠፈ መኪና መንገድ ላይ ሲዘገይ ጥሩምባው ይቀልጣል፣ ሁላችንም መሪ ጨብጠን የተወለድን ይመስል።

የዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። «እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው።» ሽማግሌው በግልጽ አላሏትም፤ ግን የግራ ጠቋሚ ጣታቸው አጭር ናት፣ እሷ ተናገረችላቸው። ሰው የከፈለው ዋጋ ከንቱ ሆነ ሲባል መስማት አይወድም። እኔ ጣት የከፈልኩበትን ነገር ይህ ልጅ በአንድ ብሎን ከገዛው፣ የእኔ ጣት ለምን ሄደች? ከባድ ጥያቄ ነው፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን ምን እንደምመልስ እንጃ። ይሁንና የአንዱ ጣት መቆረጥ የሌላውን መቆረጥ ተገቢ የሚያደርገው በየትኛው ሒሳብ ነው? መከራን እንደ ርስት ለልጅ የምናወርሰው ከሆነ፣ ቀድሞ መኖር ምን ጠቀመ?

ፒኗን ታቦት እንዳላደርጋት ደግሞ ልጠንቀቅ። ከመዳፍ የማይበልጥ እንጨት ላይ ፒን አያድንም። እንዲህ ያለውን ወይ በትልቅ ያዥ አስሮ መሥራት ነው፣ ወይ ትልቁ እንጨት ላይ እያለ ጠርዙን አውጥቶ በኋላ መቁረጥ ነው። የስለት ከለላውንም አትተካም። እሷ የቆመችው ለዚያች ለመጀመሪያዋ ንክኪ ብቻ ነው።

ወደ ዕዳው ልምጣ። የፋብሪካ ጠረጴዛ የሚገዛ ሰው ቀዳዳው ተበስቶ፣ ፒኗም ከማብራሪያ ወረቀት ጋር አብራ ልትመጣለት ትችላለች። አንድ መሐንዲስ የሆነ ቦታ ተቀምጦ የማያውቀውን ሰው ጣት አስቦለታል፤ ሕግም አስገድዶት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ የተሠራ ጠረጴዛ ግን መሐንዲስም፣ ማብራሪያም የለውም። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም ለጥበቃ የተደረገን መሣሪያ እንዳያነሳ ይከለክላል። ደኅና ሕግ ነው። ነገር ግን የሱቅ ጀርባ ውስጥ፣ በቆርቆሮ አጥር ተከልሎ የሚሠራ ጠረጴዛ ላይ ቀዳዳ ተበስቷል አልተበሳም ብሎ የሚመጣ ተቆጣጣሪ አይታየኝም። እዚያ ሕጉም፣ ፋብሪካውም፣ ተቆጣጣሪውም ጠረጴዛውን የሠራው ሰው ራሱ ነው።

«ለራሴ የሠራሁት ነው፣ ማን ያገባዋል?» ሊል ይችላል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ አንድ ትእዛዝ አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ጣራው ላይ መከታ ያድርግ ይላል፤ ከዚያ የሚወድቅ ሰው ቢኖር ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ጣራው ጠፍጣፋ፣ ሰው የሚወጣበት የሆነበት አገር ነው። እኔን የሚገርመኝ ትእዛዙ የማይጠይቀው ነገር ነው። ቤቱ የሚሸጥ ነው ወይስ የግል? አይልም። የወደቀው ሰው ጥንቁቅ ነበር ወይስ ዝንጉ? አይልም። ቤቱ የግልህ ቢሆንም ጣራህ ላይ የሚወጣውን ሰው አታውቀውም፤ እንግዳ ነው፣ ልጅ ነው፣ የሰከረ ነው። መከታው ለዚያ ለማታውቀው ሰው ነው። የወጣቱንም ጠረጴዛ ነገ ማን እንደሚጠቀምበት አይታወቅም። አሁን ሰጋቱራ የሚጠርግለት የ15 ዓመት ልጅ አለ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሳይኖር ማብሪያውን አይነካም ብላችሁ ትምላላችሁ? እኔ በዚያ ዕድሜዬ የነበርኩትን ስለማውቅ አልምልም።

አዲስ አበባ ውስጥ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ ስታዩ፣ አንዳንዴ መሐሉ ላይ ቅጠሉ ያልረገፈ የዛፍ ቅርንጫፍ ተተክሎበት ታገኛላችሁ። ማን እንደተከለው አይታወቅም። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ አይደለም፤ ሊስትሮ ይሆናል፣ ዘበኛ ይሆናል፣ ወይ ራሱ ወድቆ የተነሳ ሰው ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ሰው፣ ወድቆ የተነሳው፣ ከሁሉም ይበልጥብኛል። «እኔም ወድቄ ነው የተማርኩት» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር።

ክርክሩ ግን እኔ እንዳሰብኩት በቀላሉ አላለቀም። ወጣቱ ሰሞኑን ለሌላ ሥራ ቤት እንደዚያው ያለ ጠረጴዛ እንዲሠራ ታዘዘ። አዛዡ ገና ከመነሻው «ፒን ምናምን አልፈልግም፤ ሳህኑን አትብሳብኝ። እኔ የምቀጥረው ባለሙያ እንጂ ለማጅ አይደለም» አለው። ልጁ ወደ እኔ መጣ። «እርስዎስ ምን ይላሉ? ገንዘቡም የእሱ፣ ጠረጴዛውም የእሱ ነው።»

በራሱ ጣት ላይ ቢሆን የእሱ ጉዳይ ነበር፤ ትልቅ ሰው በገዛ እጁ መድፈር መብቱ ነው። ግን «የምቀጥረው» ብሏል። የሚያስይዘው የሰው ጣት ነው። «ቀዳዳውን ብሳ፣ ፒኗንም ሥራና ከሳህኑ ጋር ስጠው» አልኩት። «መጠቀምና አለመጠቀም የእነሱ ነው፤ መኖሯ ግን የአንተ ነው። አትብሳ ብሎ ሙጭጭ ካለ ሥራውን አትውሰድ።»

ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «የቤት ኪራዩ እኮ ሐሙስ ነው» አለ።

የተናገርኩትን አልቀየርኩም። ግን ሥራውን የሚተወው እሱ ነው፣ ኪራዩን የሚከፍለውም እሱ ነው፤ የእኔ ቡና ተከፍሎበታል። ሳህኑ እስካሁን ሞርሳው ላይ እንደታሰረ ነው። ሁለት ምልክት ተደርጎበታል፤ አልተበሳም።